የሳሙናው መኪና ጥሪ

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባሉት ከተሞች ደምለውን በአባቱ ስም የሚያውቀው አልነበረም። «ደምለው ሳሙና» ነው ሁሉም የሚለው። በጃንሆይ ጊዜ የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ላንድሮቨር ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ በየገበያው ሲዞር፣ ማይክራፎኑን የሚይዘው እሱ ነበር። የሞጣ ልጅ ነው፤ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይዘልቅበት ወጥቶ፣ የተረፈችውን ግጥም ለሳሙና አዋላት።

መኪናው በመጣ ቀን ሰው ከቆላ ድረስ ይወጣ ነበር። ደምለው ከሕዝቡ መካከል የቆሸሸ ጋቢ ይቀበልና እዚያው በገንዳ አጥቦ፣ እየተጨበጨበለት፣ ነጭ አድርጎ ለባለቤቱ ይመልሳል። ከዚያ ቁራሽ ሳሙና ይታደላል፤ አመሻሽ ላይ አቡጀዲ ተወጥሮ ፊልም ይታያል። ግጥሙንማ አፉን ያልፈታ ሕፃን ብቻ ነው የማያውቀው፦

እናት ልጅሽን ጥሪው፣ ካለበት ከጨዋታው፣
አጥቤ ልመልሰው፣ ቆሽሿልና ኩታው።

አብዮቱ መጣና ፋብሪካው ተወረሰ። መኪናው ሞጣ፣ አንድ የመንግሥት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆመ፤ ደምለውም የዚያው ግቢ ዘበኛ ሆነ። ሳሙና የቀበሌ ራሽን ሆነ፣ እሱም ሲገኝ። ሰዉ ወደ እንዶዱ ተመለሰ።

የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ጎረምሳው ሁሉ ሊሸሸግ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። ገበያው የሴትና የሽማግሌ ብቻ ሆነ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ካድሬ ነበር፤ የምልምል ኮታው አልሞላ ብሎት ሰንብቷል። አንድ ቀን ጠዋት መጥቶ ሸራውን ገለጥ አደረገ።

«ይህ መኪና ይነሳል?»

«ባትሪ ከተገኘለት ይነሳል፣ ጓድ።»

«ድምፁስ?»

«የመኪናው ነው ወይስ የእኔ?»

ካድሬው ሳቀ። «የሁለታችሁም።»

ለገበሬው የመንግሥት ስጦታ መጥቷል፣ እንደ ድሮው አድርገህ ጥራልኝ አለው። ደምለው ነገሩ ከነከነው። ካድሬው ግን ካርቶን ከፍቶ ሳሙናውን አሳየው። ደምለው አንዱን አንስቶ አሸተተ። እውነተኛ ሳሙና ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ማይክራፎኑን እንደገና እጁ ላይ ማየቱ ከሁሉ በልጦበት ነበር። ወደ ቢቸና ሲጓዙ መንገድ ላይ ሚሊሻ የጫነ መኪና ከኋላቸው ሲከተል አየ። አይቶ ፊቱን ወደ ፊት መለሰ።

ቢቸና ሲደርስ እንደ ቀድሞው ፈንታነሽ ቤት አረፈ። ፈንታነሽ ጠላ ሻጭ ናት፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ያላት አንድ ልጅ ባዘዘው ነው። እሱም አጎቱ ዘንድ ቆላ ተደብቋል።

«አንተ ደምለው፣ እውነት ሳሙና ነው?»

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ እትዬ ፈንታነሽ።»

«ሌላ ነገር የለበትም? ልጄን ልላክበት? ልብሱ በላዩ ላይ አልቋል።»

ደምለው ጠላውን ጎንጨት አለ። ሚሊሻዎቹ ትዝ አሉት።

«ይላኩበት፣» አለ። «ፊልምም አለ።»

በገበያው ቀን መኪናው ጣሪያ ላይ ቆሞ ጀመረ። ድምፁ እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ዓመታት ዝም ማለቱ ሳይጠቅመው አልቀረም። ኃይለ ሚካኤል የፊት ወንበር ላይ ቴፕ አስቀምጦ ይቀዳል፤ ደምለው ለበላይ ሪፖርት ነው ብሎ አሰበ። ከቀትር በፊት ገበያው ዳር እስከ ዳር ሞላ። መጀመሪያ ሴቶቹ መጡ፣ ቀጥሎ ልጃገረዶቹ፣ በመጨረሻ ጎረምሶቹ በየአጥሩ ጥግ አንገታቸውን አስግገው፣ አይተው፣ ቀረቡ።

ባዘዘው ሕዝቡን ሰንጥቆ መጣ። መለሎ ሆኗል።

«ጋሼ ደምለው! የድሮው ጨዋታ አልቀረም?»

«ኧረ ባዘዘው! ና ወዲህ፣ ያንን ጋቢ ወዲህ በል!» አለ ደምለው፣ በማይክራፎኑ። ሕዝቡ ሳቀ።

ወረደና ጋቢውን ገንዳ ውስጥ ነከረው። አረፋውን አስነስቶ እያሸ ሳለ፣ ከኋላ ያሉት ሴቶች ጮኹ። ቀና ሲል ሚሊሻው ገበያውን ከቦታል። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሮጡትን ከፊት ጠበቋቸው። ባዘዘው ከገንዳው አጠገብ አልተነቃነቀም፤ አንዱ ክንዱን ጠምዝዞ ሲወስደው እንኳ የሚያየው ደምለውን ነበር፣ አሁን አንድ ነገር ይልልኛል ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው።

ደምለው እርጥቡን ጋቢ እንደያዘ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄደ።

«ጓድ፣ ያ ልጅ ለእናቱ አንድ ነው።»

«እናት ሀገርም አንዲት ናት። በርታ፣ የሚቀጥለው ሞጣ ነው።»

ጋቢውን ለፈንታነሽ ወሰደላት። ተቀበለችው፣ ጨመቀችው፣ አጥሩ ላይ ዘርግታ አሰጣችው። ደምለው እዚያው እንደቆመ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ።

ሞጣ ሲገቡ፣ «አልናገርም» አለ።

«ምን አልክ?»

«በገዛ አገሬ ላይ አልናገርም። እንደፈለጉ ያድርጉኝ።»

ካድሬው አልተቆጣም። ከገበያው ጀርባ ካለ የእህል መጋዘን አስገብቶ ቆለፈበት። ደምለው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ፈርቷል፤ ግን ከቢቸና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቱ ቀለል አለው። ያለ እኔ ድምፅ ማን ይመጣላቸዋል፣ ይጮኹ እንግዲህ፣ አለ በልቡ።

ረፋዱ ላይ የገዛ ድምፁን ሰማ።

እናት ልጅሽን ጥሪው...

ብድግ አለ። ድምፁ በግድግዳው በኩል ጥርት ብሎ ይገባል። ኑ ይላል፣ ሳሙና ይላል፣ ይስቃል። ቀጥሎ የባዘዘው ድምፅ መጣ፤ «ጋሼ ደምለው! የድሮው ጨዋታ አልቀረም?» ሲል፣ የዚያ ቀን የቢቸና ሰው ሳቅ ተከተለው። ደምለው በሩን በጡጫው፣ በክርኑ፣ በጭንቅላቱ ደበደበ። «ሽሹ! እኔ አይደለሁም! ሽሹ!» እያለ ጮኸ። ማጉያው ከእሱ ይበልጥ ይጮኻል። የእሱ ድምፅ ተዘግቶ ሹክሹክታ ብቻ ሲቀረው፣ ውጭ ተኩስ ተሰማ፤ ወዲያው የሴቶች ዋይታ።

ክረምቱን እስር ቤት አሳልፎ ተለቀቀ። መጀመሪያ እህቱ ሙሉዬ ቤት ሄደ። ልጇን ወስደውባታል። በሩ ላይ ቆማ አላስገባችውም።

«ሙሉዬ፣ እኔ ታስሬ ነበር። ቴፕ ነው። ድምፄን ቀድተውት ነው።»

«ድምፅህን አጣዋለሁ? አብሬህ አድጌ?»

«ድምፁማ የእኔ ነው...»

«እንግዲያው!» አለችና በሩን ዘጋችው።

በሞጣ ያመነው ሰው አልነበረም። ጠላ ቤት ሲገባ ጨዋታው ይቋረጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲቆም በዙሪያው ያለው ሰው ገለል ይላል። ሲብስበት ወደ ቢቸና ተነሳ።

ፈንታነሽ ደጅ ላይ ጌሾ ታሰጣ ነበር። ከስታለች። ደምለው ራቅ ብሎ ቆመና የሞጣውን ሁሉ ነገራት፤ መጋዘኑን፣ ቴፑን፣ በሩን መደብደቡን። የልጇ ድምፅ እዚያ ውስጥ እንደነበረ ሲነግራት እጇ ጌሾው ላይ ቆመ።

«ምን አለ?»

ነገራት። ደግማ አስባለችው።

«ይስቅ ነበር?»

«ይስቅ ነበር።»

ጌሾውን እንደገና መበተን ጀመረች። «የሞጣውን አመንኩህ» አለች። «የቢቸናውስ?»

«የቢቸናው እኔ ነኝ፣ እትዬ ፈንታነሽ። ሚሊሻዎቹን መንገድ ላይ አይቻቸዋለሁ። አይቼ ነው ይላኩበት ያልኩዎት።»

አልጮኸችም፣ አልረገመችውም። ገብታ በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች።

«መንገደኛ ነህ፣ ጠጣ» አለችው። «ጠጥተህ ግን ሂድ። ልጄ ሲመጣ እዚህ እንዳያገኝህ።»

ከባዘዘው ጋር የሄደ አንድ የጎረቤት ልጅ እግሩን አጥቶ ከተመለሰ ወር አልፎት ነበር፤ ባዘዘው ከጎኑ ሲወድቅ ማየቱን ለሰፈሩ ሁሉ ነግሯል። ለእሷ የነገራት የለም። ደምለው ይህን የሰማው ጠዋት ከተማው መግቢያ ላይ ነው። ጣሳውን እንደያዘ አፉ ተከፈተ፣ ቃሉም ምላሱ ላይ ደረሰ። ከዚያ ውሃውን ጠጣ፣ ጣሳውን በሁለት እጁ መለሰላት፣ እጅ ነስቶም ማንም እሱን ወደማያውቅበት ቆላ የሚወስደውን መንገድ ያዘ።