የታጠነው ወይን

ውባንቺ እስከዚያ ሳምንት ድረስ ስለ ፈረንሳይ አስባ አታውቅም። ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት ጠጅ ቤቷ ቁጭ ብላ ፈረንሳይ ምኗ ነው? የወንድሟ ልጅ ባየህ ግን ቱሪስት የሚያመላልስ ሾፌር ነውና፣ ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ ሲያደርቃት ሰነበተ።

"እቴቴ፣ ማዳም ክሌር የምትባል ፈረንሳዊት ይዤልሽ እመጣለሁ። ቤተሰቧ ዘጠኝ ትውልድ ሙሉ በአንድ መሬት ላይ ወይን ሲጠምቅ የኖረ ነው፤ ያውም ነጭ ወይን ብቻ! መስከረም ላይ ወይናቸውን ለቅመው ሲደግሱ አንድ ጠጅ ጣይ ከኛ አገር ሊጋብዙ ነው። ከጎንደር ጀምራ አስራ አንድ ቤት ቀመሰች፤ አንዱም አልጣማት። የቀረሽው አንቺ ነሽ።"

ከዚያ ወዲያ ውባንቺን ማን ይቻላት! "ፈረንሳይ ልሄድ ነው እኮ!" እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው። ጎረቤቷን ባለሱቋን መዲናን ሻንጣ አውሺኝ ብላ ተቀብላ፣ አልጋዋ ሥር አስቀመጠችው። ገና ማንም ሳይቀምስላት!

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መኪናው ቆመ። ማዳም ክሌር ስልሳውን ያለፈች፣ ረጅም፣ ቆፍጣና ሴት ናት። ከጨርቅ ፈትታ አንድ ጠርሙስ በሁለት እጇ ሰጠቻት። አያቷ ከተከሉት ወይን የተጠመቀ ነው አለ ባየህ። ወዲያው የፎገራ ከብቶች በበሩ ሲነዱ አየችና ፎቶ ላንሳ ብላ ወጣች፤ እሱም ተከተላት።

ውባንቺ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንስታ አየችው። ነጭ ያሉት እንደ ጠጇ ቢጫ ሆኖ ብታገኘው ሳቀች። እንዲሁ በጠርሙሱ ማቅረብ ግን ነውር መሰላት። ቡሹን በቢላዋ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋችው፤ ማሰሮዋን በወይራ ጢስ ደህና አድርጋ አጠነችና ወይኑን ገለበጠችበት። የክብር እንግዳ መጠጥ ባልታጠነ ዕቃ አይቀርብማ! እናቷ እንዲያ ነው ያሳደገቻት።

ባየህ ሲመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበለው። "እቴቴ! ምን አረግሽ?"

"አጠንኩላቸዋ!"

ራሱን ያዘ። "ገደልሽኝ! ማዳም እኮ ሲጋራ በተጨሰበት ቤት ወይን አትከፍትም! በይ ቶሎ ድፊው፤ ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረ እንላታለን።"

ለውባንቺ የመዲና ሻንጣ ታያት። ማሰሮውን አንስታ እስከ ጓሮ በር ደረሰችና ቆመች። ከዚያ ተመለሰች።

"አልደፋም! አያታቸው የተከሉትን ደፍቼ፣ በላዩ ደግሞ ልዋሽ? ያበላሸሁት እኔ ነኝ በላቸው።"

ማዳም ክሌር ፎቶዋን አንስታ ስትገባ ባየህ እየተንተባተበ ተረጎመላት። እሷም ከማሰሮው በብርሌ ቀዳች፤ አሸተተች፤ ቀመሰች። ፊቷ ተጨማደደ።

"ወይኔን ገድላዋለች" አለች። ውባንቺ ሳይተረጎምላት ገባት፤ እንባዋ መጣ።

"ጠጅሽን አምጪ ትልሻለች" አለ ባየህ ቀስ ብሎ።

ውባንቺ ከጠጇ ቀዳች። ሴትዮዋ አንዴ ተጎነጨች፤ ዓይኗን ጨፈነች፤ ደገመች፤ ከዚያ ብርሌውን ጨለጠችው! ወዲያው ንግግሯን ስታዥጎደጉደው ባየህ መድረስ አቃተው።

"በአስራ አንዱም ቤት ስኳር አለበት ወይ ስል የለበትም ብለው ማሉልኝ፤ ምላሴ ግን ስኳሩን አገኘው። ሳልጠይቃት ጥፋቷን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። ጠጇም እንደ እሷው ነው፤ የሚደብቀው የለም። መስከረም ላይ ትምጣልን!"

ውባንቺ እልልታዋን አቀለጠችው። መዲና ሱቋን ጥላ እየሮጠች መጣች። ማዳም ክሌር ግን ጣቷን ቀስራ አንድ ነገር ጨመረች።

"ምን አሉ? ምን አሉ?"

ባየህን ሳቅ አላስችል አለው። "ነይ፤ ግን ወይን ጓዳችን ክብሪት ይዘሽ እንዳትገቢ ነው የምትልሽ!"