ከቀጨኔ ተነሥቶ የሄደው ሻይ ቤት

የእትዬ አስካለ ሻይ ቤት ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቀጨኔን ለቆ ሄደ። ማንም አላፈረሰውም፣ ማንም አላባረረውም። ተነሥቶ ሄደ። በግራው የነበረው የልብስ ሰፊው የአቶ ክንፌ ቤትና በቀኙ የነበረው መድኃኒት ቤት ተጠጋግተው ክፍተቱን ሞሉት፤ በመካከላቸው መዳፍ እንኳ አያስገባም።

መንገሻ ይህን ያወቀው በማግስቱ ነው። ሰኞ ዕለት ጉንፋን ጥሎት ቤቱ ተኝቶ ነበር። መንገሻ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ ከተማሪዎቹ ጎን ተቀምጦ ፍሬን ሲረግጥ ይውልና ከሥራ ሲወጣ እግሩ የሚያርፈው እትዬ አስካለ ቤት፣ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ሥር ነበር። እዚያ ከጓደኞቹ ከተሻለና ከኑርሁሴን ጋር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፣ ሻይ ይጠጣል፣ የሰው ስም ያነሣል፣ ይጥላል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሯል።

ማክሰኞ ሲመጣ ግድግዳ ገጠመው። ጥቂት ቆሞ አየና ወደ አቶ ክንፌ ገባ።

“ሻይ ቤቱስ?”

“ሄደ።”

“ወዴት?”

አቶ ክንፌ የስፌት መኪናውን አቆመ። “አልነገሩህም እንዴ?”

“ማን ይንገረኝ?”

“እነ ተሻለ ይንገሩህ እንጂ። ሁሉም ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው የሄዱት። ቤቱ ሲነሣ ሊሸኝ ያልወጣ የሰፈር ሰው የለም። ኑርሁሴን በመስኮት እጁን ሲያውለበልብልን ነበር።” ክሩን በምላሱ አርጥቦ በመርፌው ቀዳዳ አሳለፈ። “እኛማ አንተም ውስጥ ያለህ መስሎን አውለበለብንልህ።”

መንገሻ ውጭ ወጥቶ ተሻለ ጋ ደወለ። ተሻለ ወዲያው አነሣው። ከኋላው ቆርኪ ሰሌዳ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል።

“አቤት መንጌ።”

“የት ናችሁ?”

“የት እንሆናለን? ሻይ ቤት ነን።”

“እኔም ሻይ ቤቱ ጋ ቆሜያለሁ።”

ተሻለ አንድ ቆርኪ ገፋ። “እንግዲያ ግባ” አለና ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ይጠራል እንጂ የሚያነሣው አልተገኘም። ተሻለ ቤት ሲሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ኑርሁሴን ቤት ሲሄድ ትልቋ ልጁ ወጥታ “አባባ ሻይ ቤት ነው” አለችው። ሻይ ቤቱ የት እንደሆነ ስትጠየቅ ግን ግር አላት፤ ሻይ ቤት ሻይ ቤት ነው እንጂ የት ይሆናል።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሚስቱ የሺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቃለች። የሆነውን ሁሉ ነገራት። የሺ አልደነገጠችም።

“ሌላ ፈልጋ” አለች። “ከተማው እንደሁ ሻይ ቤት ብቻ ሆኗል።”

“ሻይ ያጣሁ መሰለሽ?”

“ታዲያ ምን አጣህ?”

“ሰው” አለ መንገሻ።

የሺ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ራት ልታቀርብ ተነሣች።

ሌሊቱን ሲያስብ አደረ፤ ሐሳቡም ቀጥ ያለ ነበር። አንድ ቤት ሄደ ማለት አንድ ቦታ ደረሰ ማለት ነው። የደረሰበት ቦታ ደግሞ መንገድ አለው። እሱ የማያውቀው የአዲስ አበባ መንገድ የለም።

በዚያ ሰሞን የሚያሠለጥናት ሶስና የምትባል የባንክ ሠራተኛ ነበረች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ አደባባይ በጣም ትፈራለች። ነገሩን ሲያጫውታት መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ በጥሞና አዳመጠችው።

“ፈልገን እናገኘዋለን ጋሼ” አለች። “ለእኔም ልምምድ ይሆነኛል።”

“ለማጅ” የሚል ጽሑፍ በተለጠፈባት ነጭ መኪና ከተማውን በሰፈር በሰፈር ያዙት። አንድ ቀን ኮልፌ፣ ሌላ ቀን ላምበረት፣ ሌላ ቀን ቀራኒዮ። በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን፣ ባለመስታወቶቹንና ባለትልልቅ ጽሑፎቹን ካፌዎች መንገሻ ቀና ብሎም አያያቸውም። እነሱ የማንም ናቸው። እሱ የሚፈልገው ውስጥ ለውስጥ ነው፤ የኮብልስቶኑ መንገድ አልቆ ጭቃው ከሚጀምርበት አካባቢ፣ መጋረጃ በር ላይ ከሚወዛወዝበት፣ ውጭ ያለው አግዳሚ በአንድ በኩል በድንጋይ ከተደገፈበት። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው ሲገባ “ምን ልታዘዝ?” አይባልም። “ማንን ፈልገው ነው?” ይባላል። የተቀመጡት ሁሉ አንዴ ቀና ይላሉ፣ አንዴ ያቀረቅራሉ፣ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

መንገሻ ብዙ እንዲህ ያሉ ቤቶች አገኘ። በየቤቱ ከበሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛውን ከበው አብረው ያረጁ ሰዎች ተቀምጠዋል። በየቤቱ የእሱን የሚመስል ወንበር አየ። በየቤቱ ሰው ተቀምጦበታል።

ሳሪስ ላይ አንድ ሹራብ የለበሰ ባለ ሻይ ቤት እንደጠየቀው ወዲያው አወቀለት።

“የእትዬ አስካለን ቤት ነው? መጥቶ ነበር እኮ። እዚህ ከጎናችን ትንሽ ሰንብቶ ሄደ። ጥሩ ጎረቤት ነበር፤ ውኃ ሲጠፋብን ያቀብለን ነበር።”

“ወዴት ሄደ?”

“እሱን አልነገሩንም።”

“ለእኔ እንዳትነግሩ ብለው ነው?”

ሰውዬው ብርጭቆ እየወለወለ አሰበ። ሊያስከፋው አልፈለገም፤ ሊዋሸውም አልፈለገም። “ኧረ የለም ወንድሜ። እርስዎን ያነሣም የለም።”

መንገሻ ወደ መኪናው ተመልሶ ተቀመጠ። ቀበቶውን ማሰር ረስቶ ሶስና አስታወሰችው። የዚያን ቀን ሶስና መሥመር ስትስት አላረማትም።

“ተደብቀውኝ ቢሆን ኖሮ” አለ፣ “አስበውኛል ማለት ነበር።”

“ልክ ነው” አለች ሶስና። ፍሬቻ አሳየችና ታጠፈች።

ጥር ሲገባ ሶስና ተፈትና አለፈች። ከመፈተኛው ሜዳ ስትወጣ ፊቷ በርቷል። “ጋሼ፣ ዛሬ እኔ እወስድዎታለሁ” አለችው። ቡና ልትጋብዘው መሰለው። አደባባዮቹን አንድ በአንድ፣ ሳትፈራ፣ እየዞረች ጎሮ ደረሰች። ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብርና በአንድ ፀጉር ቤት መካከል፣ የእትዬ አስካለ ሻይ ቤት ቆሟል። አረንጓዴ በሩ ያው ነው። የተሸረፈችው ደረጃም ያችው ናት።

መንገሻ ከመኪናው ሳይወርድ ረዘም ላለ ጊዜ አየው።

“መቼ አገኘሽው?”

“ከመጀመሪያውም አውቀዋለሁ። ኑርሁሴን የባንካችን ደንበኛ ነው፤ ወዴት እንደሚሄዱ ይነግረኛል።”

“ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ ሰፈር አዞርሽኝ?”

“ቢያገኙት መፈለጉን ያቆማሉ ብዬ ነው” አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት አልነበረም። “እንደ እርስዎ ብዙ የሚያስነዳ አስተማሪ የለም።” የእጅ ፍሬኑን እንዳስተማራት ሳበችው። ቁልፉን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀድማው ገባች።

“ሶስና መጣሽ፣ አለፍሽ?” የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ። መንገሻ መጋረጃውን ገልጦ ተከተላት። ሁሉም አንዴ ቀና አሉ፣ አንዴ አቀረቀሩ።

ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ተሻለ አለ፣ ኑርሁሴን አለ፤ በሦስተኛው ወንበር ላይ የሺ ተቀምጣለች። ጠዋት ለቅሶ እሄዳለሁ ብላው ነበር። ዳማ እየተጫወተች ነው፤ ሰሌዳው ላይ የቀሩት ቆርኪዎች አብዛኞቹ የእሷ ናቸው።

“መንጌ” አለ ተሻለ። “ደህና ነህ?”

“ለምን አልነገራችሁኝም?”

ተሻለ ወደ ኑርሁሴን ዞረ። “እኔ እሱ የሚነግርህ መስሎኝ።”

“እኔ ደግሞ እሱ የነገረህ መስሎኝ” አለ ኑርሁሴን። “ከዚያ ቀኑ ሲሄድ ለመንገር አፈርን። እየቆየ ደግሞ ማፈሩም ለቀቀን።”

መንገሻ ወደ ሚስቱ ዞረ። “አንቺስ?”

“ሰኞ ላንተ ሎሚ ልገዛ ስወጣ ቤቱ ሲነሣ ደረስኩ” አለች የሺ። “አንድ ወንበር ባዶ ነው፣ ነይ ግቢ አሉኝ። ገባሁ።”

“ታምሜ ተኝቼ?”

“እንቅልፍ ወስዶህ ነበር።”

ሎሚው የመጣለት ማታ እንደነበር አሁን ትዝ አለው።

“ጠባብ ነው፣ ሰው ይተፋፈግበታል፣ ላንቺ አይሆንም ትለኝ ነበር” አለች የሺ። ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ የተቀመጡትን ሰዎች ረጋ ብላ አየች። “አይጠብም።”

መንገሻ ወንበር ፈለገ። ሶስና ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ ቦታ የለም። እትዬ አስካለ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወደ እሱ መጡ።

“ወንበር የለም እትዬ?”

“የለም መንጌ። ቤቱ በተቀመጡት ልክ ሆኗል። ሻይ ልስጥህና ቆመህ ጠጣ።”

ቆሞ ጠጣ። ቅርንፉዱም ስኳሩም እንደ ድሮው ነበር፤ የከፋውም ይኸው ነው። ሌላ ሻይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ቤት ነው ብሎ ይጽናና ነበር። ከእሱ የተደበቀ ወሬ የለም፤ የጀመሩትን ጨዋታ እዚያው ፊቱ ቀጠሉ። የሚነሡት ስሞች የጎሮ ሰዎች ስሞች ናቸው፣ አንዳቸውንም አያውቃቸውም። የሺ አንድ ነገር ተናገረችና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። መንገሻም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ ግን የሰዎቹ ካለቀ በኋላ ብቻውን ተሰማ።

“በል መንጌ፣ ወጣ በል” አሉት እትዬ አስካለ ብርጭቆውን እየተቀበሉ። “ልንነሣ ነው።”

“የሺ፣ ነይ እንሂድ።”

“እኔማ እየሄድኩ ነው” አለች፣ ቆርኪዋን ወደ ፊት እየገፋች። “ራትህ ድስት ውስጥ አለልህ።”

ወጣ። ቤቱ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ አለ፤ ከሥሩ ጥቂት አፈር አራገፈና ሥራ እንደማያስቸኩለው ሰው ዝግ ብሎ ወደ ዋናው መንገድ ሄደ። መንገሻ ከመስኮቱ ጎን ለጎን ተራመደ። መስታወቱን አንኳኳ። የሺ ሰማችው፤ እንዲያይ መጋረጃውን በአንድ በኩል ሰበሰበችለትና ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሻይ አይነቃነቅም።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካ ነፋ። ታክሲዎቹ ቆሙ። ቤቱን በሥርዓት አሳለፈውና መንገሻ ሊከተል ሲል መዳፉን ዘረጋበት።

“እርስዎ ይቆዩ። ገና አላለቀም።”

ከወዲያ ማዶ፣ ፀሐይዋ እየጠለቀች፣ ሌሎች ሻይ ቤቶች ይመጡ ነበር። አንዱ ከሌላው ርቀቱን ጠብቆ፣ ፊታቸው አቧራ ለብሶ፣ መጋረጃቸው እየተወዛወዘ ያልፋሉ። በየመስኮታቸው ሰዎች አንገት ለአንገት ተጠጋግተው ያወራሉ። ወደ ውጭ የሚመለከት አንድም ሰው የለም። መንገሻ የመንገዱ ዳር ላይ ቆሞ ሁሉንም አሳለፈ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ጠባብ ቤት መጣች። ቀለሟ ገና አልደረቀም፤ በሯ ክፍት ነው። ውስጧ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አለ፣ ጠረጴዛው ላይ ከብርጭቆ ሻይ እንፋሎት ይወጣል። ሰው የለባትም። መንገሻ ፊት ስትደርስ እርምጃዋን ቀነሰች።

ፖሊሱ እጁን አወረደ። ውስጥ፣ ወንበሩ ከጠረጴዛው ትንሽ ወደ ኋላ ተሳበ።