የመግቢያዋ ጉንጭ

በልምምድ አዳራሹ ውስጥ፣ በቅጽል ስሙ ፉጨት የሚባለው ሰውዬ ትራምፔቱን ዘቅዝቆ ነቀነቀው። ውስጡ የተጠራቀመው ምራቅ አንዲት ጣሳ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። ቀጥሎ ያለው ነፊ ተቀብሎ የራሱን ጨመረበት፤ ከዚያ ሌላው። ጣሳው ረድፉን ዞሮ ሲመለስ አንድ ጉንጭ የሚሆን ዝልግልግ ነገር፣ ከነአረፋው፣ ይዞ ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን ተደግፎ ያያል። ሲሠራ የሚውለው የሰው እዳሪ በደፈነው ቱቦ ነው፤ እጁን ታጥቦ ምሳውን ሲበላ አንድም ቀን አቅለሽልሾት አያውቅም። ይህች ጣሳ ግን ሌላ ናት።

ወደ ወጣቶቹ ኦርኬስትራ የሚገባ አዲስ ነፊ ሁሉ ከእሷ ይጎነጫል። ያልጠጣ ቦታ የለውም። የቧንቧ ሠራተኛው አባት ጠጥተዋል። እሱም በልጅነቱ ጠጥቶ፣ ከአዳራሹ ጀርባ አንጀቱ እስኪወጣ አስመልሷል። ቤት ውስጥ ግን የኦርኬስትራው ወሬ በተነሳ ቁጥር ጣሳዋ የምትተረከው እንደ ቀልድ ነው፤ እሱም አብሮ ይስቃል። ማስመለሱን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ዛሬ ተራው የሴት ልጁ ነው። ከኋላዋ ሌሎች አዳዲስ ልጆች ተሰልፈዋል።

"በይ የኔ አንበሳ!" አሉ አያቷ ከወንበራቸው። "አፍንጫሽን ያዝ አድርጊና ግጥም ነው!"

ልጅቷ ጣሳውን ተቀበለች። ሽታው ሲደርሳት ከፊቷ አራቀችው። "አባዬ፣ አንተ ስትጠጣ ምንም አልሆንክም አይደል?"

ሁሉም ሳቀ። አባቷ አልሳቀም።

"አስመለሰኝ" አላት። "ከዚያም በኋላ እህል አስጠልቶኝ ከረመ።"

"ወይ ጉድ!" ፉጨት ጭኑን መታ። ዛሬ ኦርኬስትራውን የሚመራው እሱ ነው፤ ያኔ ግን ከቧንቧ ሠራተኛው ጎን ይነፋ የነበረ አብሮ አደግ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ የሽንት ቤት ቱቦ ስትጠርግ እየዋልክ ምራቅ ትጸየፋለህ?"

"ቱቦውን ጠጣው ያለኝ የለማ።"

ቧንቧ ሠራተኛው ጣሳውን ከልጁ እጅ ወስዶ ወደ አባቱ ሄደ። "እስቲ እርስዎ ያስጀምሯት፣ አባባ።"

ሽማግሌው እየሳቁ ተቀበሉ። ወደ አፋቸው አስጠጉት። ሳቃቸው ከንፈራቸው ላይ ቀረ። ፊታቸውን አዙረው ጣሳውን በጣታቸው ጫፍ መለሱለት።

"እኔማ የድርሻዬን ጠጥቻለሁ" አሉ መሐረባቸውን እየፈለጉ። "በዚህ ዕድሜዬ ልትገድለኝ ነው?"

ቧንቧ ሠራተኛው እጃቸውን አየ። እሱ በጠጣበት ቀን ከአዳራሹ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ሲያስመልስ፣ አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ በላይ ሲያጨበጭብ የሰማው ይህንኑ እጅ ነው።

ፉጨት ነገሩ እንዳይካረር ጣልቃ ገባ። "በቃ፣ ለሷ ይቅርላት! አባትም ልጅም እዚህ ነፍታችኋል፤ የናንተን ቤተሰብ ውለታ አንረሳም። ቀጣይ!"

ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ከኋላዋ የነበረችው ቀጭን ልጅ ግን ዓይኗን ጨፍና እጇን ለጣሳው ዘረጋች።

ቧንቧ ሠራተኛው ጣሳውን ይዞ ወደ መታጠቢያው ሄደና ምራቁን ደፋው።

"ሌላ መሙላት አያቅተንም እኮ" አለ ፉጨት፣ ድምፁ ቀዝቅዞ። "ልጅህ እዚህ እንድትቀጥል ከፈለግህ፣ ውጣልን። ወላጅ ልምምድ ላይ አይቀመጥም።"

"አንተ፣ አታዋርደኝ!" አሉ አባቱ።

ቧንቧ ሠራተኛው ልጁን አያት። ትራምፔቷን አቅፋ እሱን እሱን ታያለች።

ባዶውን ጣሳ እንደያዘ ወንበር ስቦ ከተሰለፉት ልጆች ፊት አቆመና ቁጭ አለ።