የሐንቂሳ ጠብ ከምን ተነሳ

ገበያነሽ ሐንቂሳ ተወልዳ ያደገች፣ ዲላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግጭት ጉዳይ ባለሙያ ሆና አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ሐንቂሳ ከወናጎ ተገንጥሎ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር አለው። ላይ ሰፈር ዳገቱ ላይ እንሰትና ቡና የሚያለሙ የጌዴኦ ገበሬዎች ይኖራሉ። ታች ሰፈር ደግሞ መንገዱን ይዘው ሱቅ የከፈቱና የጭነት መኪና የሚያሠሩ፣ አያቶቻቸው ከስልጤና ከጉራጌ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው።

የካቲት ውስጥ፣ ሐሙስ የገበያ ቀን፣ ሁለቱ ሰፈሮች በድንጋይ ተጋጩ። አራት ሱቆች ተሰባበሩ። ከአራቱ አንዱ፣ የሙሐመድኑር የሚባል ነጋዴ ሱቅ፣ ተቃጠለ። ሰው ባይሞትም የአንዲት ተማሪ ክንድ ተሰብሯል፣ ከላይ ሰፈር አንድ ጎልማሳ ተፈንክቶ ሆስፒታል ገብቷል።

ሰኞ ጠዋት የገበያነሽ አለቃ በፍቃዱ ቢሮው አስጠራት።

«መነሻው የታወቀ ነው» አላት። «ነባሩ ክልል ፈረሰ። እኛ በሕዝበ ውሳኔ ወጥተን አዲስ ክልል መሠረትን፣ የእነሱ አገር ደግሞ ሌላ ክልል ሆነ። አምና አንድ ክልል የነበረ ሰው ዘንድሮ እንግዳ ተባለ። ጠቡ ከዚያ ነው የመጣው። አንቺ ሄደሽ በማስረጃ አስደግፈሽ ጻፊልኝ። አሥር ቀን ይበቃሻል?»

«ይበቃኛል» አለች።

እሷም የምታስበው እንደዚያው ነበር። ለሕዝበ ውሳኔው ተሰልፋ ድምፅ ሰጥታለች፤ የአዲሱ ክልል ቢሮዎች ዲላ ሲገቡም ደስ ብሏታል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ «የማን ክልል ሰው ነው?» የሚል ጥያቄ ደጋግማ ሰምታ ነበር። ድሮ የሚጠየቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ታች ሰፈር ኸድሩ ሱቅ ነው። ኸድሩ ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ነጋዴ ነው። የሱቁ መዝጊያ ቆርቆሮ ተጣሞ ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ልጁ ሱራያ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ ክንዷን በጄሶ ታስራ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች። ዕቃው ግማሹ ካርቶን ገብቷል።

«ሊሄዱ ነው እንዴ ጋሽ ኸድሩ?» አለችው።

«ሚስቴ ሳዕዳ እንሂድ ትላለች። ወንድሞቿ ወራቤ ናቸው። ሙሐመድኑር በማግሥቱ ነው ቤተሰቡን ጭኖ የሄደው። እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ ወራቤ ሄጄ ምን እንደምሠራ አላውቅም።»

«ጠቡ ክልሉ በመፍረሱ የመጣ ይመስልዎታል?»

ኸድሩ አንዱን ካርቶን ገፋ አደረገ። «ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የምለው፣ ይቀላላ።»

«የውሃውን ንገራት እንጂ አባ» አለች ሱራያ።

እንዲህ ነው ነገሩ። የሐንቂሳ ውሃ ከማዶ ኮረብታ ምንጭ በቧንቧ ይመጣል። ቧንቧው ወርዶ መንገዱ ላይ ይደርስና ወደ ላይ ሰፈር ይወጣል። ታች ያሉት ቦኖዎች ከተከፈቱ ወደ ላይ የሚወጣ ውሃ የለም። ስለዚህ ጠዋት ለላይ፣ ከሰዓት ለታች ተብሎ ተራ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቁልፍ ይዞ ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ሽማግሌው ከሁለት ዓመት በፊት ሞተ። ማንም አልተተካም፤ ተራውም ቀረ።

«ከሰውየው ሞት በኋላ የመጀመሪያውን በጋ እንደ ምንም አለፍነው» አለ ኸድሩ። «ዘንድሮ ግን ምንጩ ራሱ ቀነሰ። የላይ ሰፈር ሰዎች እንደተቆጡ አውቅ ነበር። ኮሚቴው ይሰብስበን ብዬ ሰብሳቢው ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።»

ኮሚቴው ከሁለቱም ሰፈር ስድስት ስድስት ሰው ያለበት ነው። ያኔ ብዙ ሕዝብ በተፈናቀለበት ዓመት ለተፈናቃዮች እርዳታ ለማከፋፈል ተቋቁሞ፣ ኋላም በየወሩ ትምህርት ቤት እየተሰበሰበ የድንበርም የከብትም ነገር ይዳኝ ነበር።

«ምን አለዎት ሰብሳቢው?»

ኸድሩ ቀና ብሎ አያት። «ሰብሳቢው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ሰብሳቢው የእናቷ የበኩር ልጅ ታረቀኝ ነው።

ወደ ወንድሟ ቤት ከመሄዷ በፊት ግን የጠቡን ዕለት ያየ ሰው ፈለገች። ሁሉም የዘነቡን ስም ጠራላት። ዘነቡ ላይ ሰፈር የምትኖር፣ አራት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ገበሬ ናት። ቆጮ ስትፍቅ አገኘቻት።

«ሦስት ቀን ውሃ አልነበረም» አለች ዘነቡ እጇን ሳታቆም። «ሐሙስ ጀሪካን ይዤ ወረድኩ። ኸድሩ በር ላይ ያለው ቦኖ ጋ ሰልፍ ነበር። አንዷ ‹የእናንተ ቦኖ ላይ ነው› አለችኝ። ላይ መች ውሃ አለና? እኔም ‹የክልላችሁን ውሃ ሄዳችሁ ጠጡ› አልኳት።»

ገበያነሽ መጻፏን አቆመች። «አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። ከኋላዬ ወንዶች ነበሩ። ያንን ሲሰሙ ‹ይሂዱ! ይሂዱ!› አሉ። ከዚያ ድንጋይ ሆነ።» ዘነቡ አሁን መፋቋን ተወች። «የዛሬ ሁለት ዓመት ብጣላት ሌላ ነገር ነበር የምላት። ስግብግብ እላት ነበር፣ ትሰድበኝ ነበር፣ እዚያው ያልቅ ነበር። ይሄን ቃል ከየት እንዳመጣሁት እኔ እንጃ። ሰው ሁሉ ሲለው እሰማለሁ። የኸድሩ ልጅ ክንዷ ዳነ?»

«ገና በጄሶ ነው።»

ዘነቡ መፋቋን ቀጠለች።

ታረቀኝ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እህቱን በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣታል፤ ያስተማራትም እሱ ነው። ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ለላሙ ሲቆርጥ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ኸድሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«ምን አልከው?»

«ኮሚቴውን ያቋቋመው አካል ከነክልሉ ፈርሷል፣ አዲስ ደብዳቤ እስኪመጣልን ጠብቅ አልኩት።»

«ደብዳቤው እንዲመጣ ጠይቀህ ነበር?»

ታረቀኝ ቢላዋውን ግንዱ ላይ ሰክቶ ቁጭ አለ። «አልጠየቅኩም» አለ።

«ለምን?»

«አዲሱ ክልል ሲመሠረት ስሜ ለአንድ ኃላፊነት ተነስቶ ነበር። ዲላ ይጠሩኛል ብዬ ጠበቅኩ። በዚያን ሰዓት የውሃ ክርክር ውስጥ ብገባ፣ ለታች ብፈርድ የላይ ሰው ይቀየመኛል፣ ለላይ ብፈርድ የታች ሰው ይከሰኛል። ይቆይ አልኩ። ሰባት ወር ቆየ። እነሱም አልጠሩኝ።»

ገበያነሽ ማስታወሻ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ትጽፊዋለሽ?» አላት።

«አዎ ጋሼ።»

«የክልሉ መፍረስ ነው ብለሽ ብትተይው ማን ይጎዳል? ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያምነው።»

«የሚመጣው በጋ ውሃው እንደገና ይጠፋል። ያን ጊዜ ምን ልንል ነው?»

ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ሳትበላ ተነሳች። በወንድሟ ቤት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቁልቁለቱን ስትወርድ ያለቀሰችው ተናዳበት ሳይሆን አሳዝኗት ነው። ያ ሰው በልጅነቷ ደብተር ሲያርምላት አንድ ስሕተት አያልፍም ነበር።

ሪፖርቱን በስምንተኛው ቀን ጨረሰች። ቁጣው ከውሃ እንደመጣ ጻፈች። ቁጣው ሰው የሚለይ ቃል ያገኘው ከክልሉ መፍረስ በኋላ መሆኑን ጻፈች። ነገሩን ያበርድ የነበረው ኮሚቴ የተበተነው በከፊል መዋቅሩ ስለተቀየረ፣ በከፊል ደግሞ ሰብሳቢው ሊሰበስበው ስላልፈለገ እንደሆነ ጻፈች፤ የሰብሳቢውን ስምና ዝምድናቸውንም ጨምራ።

በፍቃዱ ሁለቴ አነበበው። «የበላይ አካል የሚፈልገው አንድ ምክንያት ነው፣ አንቺ ሦስት አመጣሽ።»

«አንዱ ብቻ እውነት አይሆንም። ደግሞ ከሦስቱ እኛ ምንም ልናደርገው የማንችለው የክልሉን መፍረስ ነው። ክልሉን መልሰን አንድ አናደርገውም። ቁልፍ የሚይዝ ሰው ግን መመደብ እንችላለን።»

«የገዛ ወንድምሽን ነው የጻፍሽው።»

«ነው።»

በፍቃዱ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አስገባ። በኋላ እንደሰማችው ሪፖርቱን ሳይቀንስ ልኮታል፤ ከላዩ ላይ ግን አንድ ገጽ ማጠቃለያ አያይዞበት ነበር፣ እዚያ ላይ ዋናው ምክንያት የክልሉ መፍረስ ነው ይላል። ብዙ ሰው ያነበበውም ያንን ገጽ ነው።

እሑድ ከሰዓት ሱራያ ደወለችላት። ታረቀኝ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘነቡን ይዞ ታች ሰፈር ወርዶ፣ ኸድሩ ደጅ ቆሞ፣ ቅዳሜ ኮሚቴው እንዲሰበሰብ ጠይቋል። የማንንም ደብዳቤ አልያዘም።

ቅዳሜ ገበያነሽ ትምህርት ቤቱ ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ታረቀኝ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። ድምፁ እንደ ድሮው የአስተማሪ አልነበረም።

«ኸድሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ውሃው ሰው ሳያጣላ ተሰብሰቡ ብሎኛል። ለራሴ ጉዳይ ብዬ መለስኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ኸድሩ ተቀምጦ እንዳለ ተናገረ። «ይቅርታህን ተቀብያለሁ ታረቀኝ። ግን ልንገርህ። በድንጋዩ አይደለም ያዘንኩት። አባቴ እዚህ ነው የተቀበረው። ‹ይሂዱ› ሲሉ ከመካከላቸው ያስተማርካቸው ልጆች ነበሩ። አንተ ቤትህ ሆነህ ጩኸቱን ትሰማ ነበር። አልወረድክም።»

«አልወረድኩም» አለ ታረቀኝ። «ፈራሁ።»

ዘነቡ ተነስታ ሱራያ ጎን ሄዳ ተቀመጠች። የተባባሉትን ሌላ ሰው አልሰማም። ልጅቷ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፤ ቆይታ ግን ስትመልስላት ታየች።

የውሃው ጉዳይ አንድ ሰዓት እንኳ የማይፈጅ ሆኖ ተገኘ። ተራው እንደ ድሮው ጠዋትና ከሰዓት ሆነ። ቁልፉን ከየሰፈሩ አንድ አንድ ሰው እንዲይዝ ተስማሙ። ታረቀኝ ሰብሳቢነቱን ለቅቆ አባል ብቻ ሆነ። ለአራቱም ሱቆች ቆርቆሮና እንጨት ከሁለቱም ሰፈር ተዋጣ።

ኸድሩ ካርቶኖቹን ፈታ። ሁሉም ግን እንደ ነበረ አልተመለሰም። ሐንቂሳ ውስጥ ሰው ሲጣላ «ክልልህ ሂድ» የሚል እስካሁን ይሰማል፤ ድንጋይ ግን አልተወረወረም። ሙሐመድኑርም አልመጣም። የሱቁ ቦታ ተጠርጎ፣ የተዋጣለት ቆርቆሮ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ተቀመጠለት።

መጋቢት ማለቂያ ላይ ገበያነሽ ደወለችለት። በትሕትና አነጋገራት። ወራቤ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍቻለሁ፣ ልጆቹም ትምህርት ጀምረዋል አላት።

«ቆርቆሮው አለልዎት፣ ሰዎቹ ይጠብቁዎታል» አለችው።

«አላህ ይስጣቸው። ለሚያስፈልገው ይስጡት። እኔ አሁን ልጆቹን እንደገና ማንሳት አልችልም።» ቀጥሎም «ዝናብ ጣለላችሁ?» ሲል ጠየቃት።

«ከትናንት ወዲያ ጀመረ።»

«ጥሩ ነው፣ ቡናው ያብባል» አለና ቤተሰቧን ጠይቆ ስልኩን ዘጋ።