የማሕረዝ ማስረጃ

የዙሃይር ስም ሲነሳ የማሕረዝ ጨጓራ ይላጣል። ይህን የቀርቀና ደሴት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም የማያውቅ የሚመስለው ራሱ ማሕረዝ ብቻ ነው። ኧረ እንዴትስ አይላጥ! በሰሜኑ መንደር የዓሣ አጥማጆቹን ማኅበር ያቋቋመው ማሕረዝ ነው። የባሕሩን ወለል እየጋጠ ዘር የሚያጠፋውን ትልቅ መረብ ተቃውሞ መጀመሪያ የጮኸውም እሱ ነው። ዙሃይር ያኔ የት ነበር? የማሕረዝ ጀልባ ላይ ገመድ ይጠቀልል ነበር። የዘንባባ ዝንጣፊ ባሕር ውስጥ ተክሎ ዓሣ ማጠርን ያስተማረው ማሕረዝ ነው። ዛሬ ዙሃይር በደቡቡ መንደር የራሱን ማኅበር ይመራል። ከስፋክስ ከተማ ጋዜጠኛ ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ፣ ፎቶ የሚነሳው እሱ! ጥርሱም ነጭ ነው፤ ምን ይደረግ!

"ደግሞ አሚ ማሕረዝ ይለኛል" ይላል ለሚስቱ ለሳሉሃ። "አጎቱ ነኝ እኔ? ሽማግሌ ሊያስመስለኝ እኮ ነው!"

"አክብሮህ ነው።"

"አንቺ ደግሞ ጠበቃ ቁሚለት!"

ነገሩ የባሰው ሦስት ማኅበራት አንድ ኅብረት ለመሆን ሲስማሙ ነው፤ የሁለቱ መንደር አጥማጆችና ሳሉሃ ያለችበት የዛጎል ለቃሚ ሴቶች ማኅበር። ባሕሩ ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ፣ ባለ ስምንት እጁ ኦክቶፐስ በሚራባበት ወራት ማንም እንዳይነካው ተማማሉ። የፕላስቲክ ወጥመድ ቀርቶ እንደ ድሮው በዘንባባና በሸክላ ሊሠሩ ወሰኑ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ግን ኅብረቱን ማን ይምራ? ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ማሕረዝ ደግሞ በልቡ ከተቀመጠበት ቆይቷል።

የኅብረቱን የመጀመሪያ ስብሰባ ዙሃይር ይክፈተው ሲባል ማሕረዝ "አሞኛል" ብሎ ቤቱ ቀረ። ምንም አላመመውም፤ ያው ቅናት ነው እንጂ። ማታ ሳሉሃ ፊቷ በርቶ መጣች።

"ዛሬ የተወሰነውን ብትሰማ! ዙሃይር እንኳን . . ."

"ዝም በይ! የዚያን ሰው ስም ኩስኩሴ ላይ እንዳትጠሪብኝ።"

"ኧረ ስማኝማ፣ ነገሩ እኮ የእኔ . . ."

"አልሰማም አልኩ! ወላሂ ሳህኑን እወረውረዋለሁ።"

ሳሉሃ ቀና ብላ አየችው። "እንደ ፍጥርጥርህ!" አለችና የሃሪሳውን ድልህ ወደ ራሷ ሳበች። የማኅበሩ ሰዎችም ሚስቱ ትነግረዋለች ብለው ምንም አላሉትም።

መሪ የሚመረጥበት ቀን ሲነጋ ማሕረዝ የዘንባባ አጥሩን ሊያይ ወጣ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ውሃው ላይ፣ ተንሳፋፊ ምልክቶች ተደርድረው አየ። አረንጓዴ ናቸው። በደሴቲቱ ላይ ምልክቱን አረንጓዴ የሚቀባ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዙሃይር! ማሕረዝ ገመዱን ያዝ አድርጎ ሳብ ሲያደርገው ከሥር የሸክላ ማሰሮ ከበደው። የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ፣ ያውም በተከለከለው ወር!

ደስታው ልክ አልነበረውም። ብቻውን ጀልባው ላይ ሳቀ። "ያዝኩህ፣ አንተ ነጭ ጥርስ! ዛሬ ጉድህ ይፈላል!" አለ። ማሰሮውን ሲያወጣው ከአፉ አንድ እጅ ብቅ ብሎ ተመልሶ ገባ። ማሕረዝ ውስጡን እንኳ አላየም። ማስረጃው እንዳያመልጥ ሸሚዙን አውልቆ የማሰሮውን አፍ ወተፈበትና የባሕር ውሃ በሞላ ባልዲ ነክሮ ወደ ዳርቻው ቀዘፈ።

ሰዉ ጀልባ በሚጠገንበት ዳስ ሥር ተሰብስቧል። ዙሃይር ከሩቅ ሲያየው ብድግ አለ። "አሚ ማሕረዝ፣ እንኳን ደህና መጣህ! ምነው ያለ ሸሚዝ?"

"ቆይ፣ አሁን ማን እርቃኑን እንደሚቀር ይታያል።" ማሰሮውን መሃል አምጥቶ አስቀመጠው። "ወገኖቼ፣ መሪያችን ይሁን የምትሉት ሰው የማለበትን ቃል እንዴት እንደጠበቀ እዩ! ይህ ከማን አረንጓዴ ምልክት ሥር የወጣ ይመስላችኋል?" ብሎ ሸሚዙን ነቀለው።

ሰዉ አንገቱን አስግጎ ማሰሮው ውስጥ አየ። እናቲቱ ኦክቶፐስ ከሸክላው ግድግዳ ጋር ተጣብቃለች፤ ቆዳዋ ገርጥቷል። ከበላይዋ እንደ ሩዝ ፍሬ የነጡ እንቁላሎች በዘለላ ተንጠልጥለዋል። ማሰሮው አየር ላይ ሆኖም አልለቀቀቻቸውም፤ በእጆቿ አቅፋቸዋለች። ከእንቁላሉ ግማሹ ግን ሸሚዙ ላይ ተልጦ ቀርቷል። ማሕረዝ ሸሚዙን አየና ክው አለ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠመደ ሰው ነው፤ ይህን ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

"እነዚህን ማሰሮዎች ያስቀመጥነው እኛ ነን" አለች ሳሉሃ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ። "ሦስታችንም ማኅበራት። እናቶቹ መፈልፈያ ይሁናቸው ብለን። ማሰሮውን ሴቶቹ አዋጣን፣ ምልክቱን ዙሃይር ሰጠ፣ የአንተው ሰዎች ወስደው ባሕሩ ውስጥ አስቀመጡት። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ልነግርህ ነበር፣ ማሕረዝ።"

ማሕረዝ ኩም አለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ!

"ገና በሕይወት አለች" አለ ዙሃይር ማሰሮውን ባልዲው ውስጥ እየመለሰ። "አሚ፣ ከየት እንዳወጣሃት አሳየኝ፤ ቶሎ በል!"

አብረው ቀዘፉ። ዙሃይር ባልዲው ላይ ውሃ እየጨመረ አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣውም፤ ማሕረዝን ያንገበገበው ይህ ነው። ቢሰድበው በተገላገለ! ቦታው ሲደርሱ ማሕረዝ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ወርዶ ማሰሮውን በሁለት እጁ አስቀመጠ። ሲወጣ ዙሃይር እጁን ይዞ ሳበው። የዙሃይር እጅ ጠንካራ ነበር፤ ለዚህም ቀናበት።

ተመልሰው ዳሱ ሥር ሲደርሱ ሰዉ ምርጫውን ሳይጀምር እየጠበቃቸው ነበር። ማሕረዝ ዛሬ ማንም ስሙን እንደማይጠራ ገብቶታል። ዙሃይር ሊመረጥ ነው፤ ሊያየው የቀረው ይህ ብቻ ነው። ጥርሱን ነክሶ ቆመ።

"እኔ አልወዳደርም" አለ ዙሃይር። "ሐሳቡን ያመጣችው፣ ሦስቱን ማኅበራት ለአንድ ሥራ ያቀናጀችው ሳሉሃ ናት። እሷ ትምራን።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እጆች ከሰሜን መንደርም ከደቡብም ወጡ። ሳሉሃ ቀልታ አፏን በመሐረቧ ሸፈነች፤ ማሕረዝ እንዲህ ስትደምቅ ካያት ስንት ጊዜው! ያደመቃት ደግሞ ያ ሰው ነው። ወንበሩስ ይለፈው፣ ግድ የለም። ግን ይህችን ቃል፣ "ሳሉሃ ትምራን" የምትለዋን፣ ምነው እኔ ብያት ቢሆን! ቤቱ ውስጥ የምትኖረው፣ አብራው የምትበላው ሴት ናት፤ ያችን ቃል እሱም ሊላት ይችል ነበር። ይህን ሲያስብ ከእስከ ዛሬው ቅናት ሁሉ የከፋ ቅናት አንጀቱን ያዘው።

ሳሉሃ የተነሱትን እጆች በዓይኗ እየቆጠረች መጥታ እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ማሕረዝ ግን እጁን ማንሳት ከበደው። ጠበቀችው። በመጨረሻ ሲያነሳው ግን እሷ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ መናገር ጀምራ ነበር።