አንዴ ጠርቶ የተቋረጠ

«ማን ናት?» አለች የልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህት በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊዋ በር ላይ የቆመችውን ሴት ቀና ብላ አየቻት። «የኮሌጁ አማካሪ ናት። ለልጄ እንዳልደውል የነገረችኝ።»

ለቀስተኛው ወሬውን አቋረጠ።

ልጁ ኮሌጅ የገባ ሰሞን በሰዓቱ መነሳት አቅቶት ነበር። እናቱ መላ አበጀችለት፤ ጠዋት ጠዋት ሚስኮል ታደርጋለች፣ እሱም አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። «ተነስቻለሁ» ማለቱ ነው። ቀስ በቀስ ለምሳው ሚስኮል፣ ለጥናቱ ሚስኮል ሆነ። እናት ሥራ አይፈታም። ልጁ ግን አንዴ ባትሪ አልቆ ስልኩ ተዘግቶበት፣ ተኝቶ ፈተና አለፈውና አማካሪዋ ዘንድ ተላከ፤ እናትየውም ተጠራች።

«እናቴ፣ ለአንድ ወር ይተዉት» አለቻት አማካሪዋ። «ቢደውልም አያንሱ። ራሱን ይቻል።»

«እርስዎ ካሉ» አለች። የተማረ ሰው ቃል አይደል።

ሃያ ሦስት ቀን አንጀቷን አስራ ቻለች። በሃያ አራተኛው፣ የደንበኛ ቀሚስ እየዘመዘመች ሳለ፣ ስልኩ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። አነሳችው፤ ቁጥሩን አየችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችና ስፌቷን ቀጠለች። ልጁ ሆዱን ካመመው ሁለት ቀኑ ነበር። ትርፍ አንጀት ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ራሱን እየቻለ ነበራ። ጓደኞቹ ከክፍል ሲመለሱ ነገሩ አልቆ ነበር።

አሁን አማካሪዋ ከለቀስተኛው መሃል ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ የልጁን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ። «ዕቃውን አምጥቻለሁ። ስልኩንም ቻርጅ አድርጌዋለሁ» አለች። ቦርሳውን እያስተካከለች፣ «ለእሱ ብዬ ነበር» አለች።

«ለሁሉም እንደዚህ ነው የምትዪው?» እናትየው እርስዎ ማለቱን ትታዋለች።

«አዎ። አብዛኞቹን ይረዳቸዋል።»

«አብዛኞቹን» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ተይ እንግዲህ፣ እሷስ ምን ታድርግ» አለች እህቷ።

ልብስ ሰፊዋ አማካሪዋን ጠልታታለች። ያን ቀን ስልኩን ያስቀመጠ የገዛ እጇን ግን ከሷ አብልጣ ጠልታዋለች። በዚያው እጇ ስልኳን ከጉያዋ አወጣችና ደወለች።

ቦርሳው ውስጥ ጠራ። አማካሪዋ ደነገጠች፤ ልክፈተው፣ ልተወው እያለች ዚፑን ይዛ ቀረች። አንዴ ጠራ። የእናትየው አውራ ጣት እንደ ልማዱ ሊያቋርጥ ሄደ፤ ቀዩ ምልክት ጋ ሲደርስ መለሰችው። ሁለቴ ጠራ። ሦስቴ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ራሱ ጠርቶ እስኪበቃው ጠበቀች።