የአንበሲቱ ሱባዔ

ልብ ያለህ አንባቢ ሆይ፤ ሥልጣነ መንግሥት ብዙ ይችላል፤ ደን ይመነጥራል፣ ግንብ ይገነባል፣ ኩሩውን አንገት ያስደፋል፤ ነገር ግን የእናትን ወተት በዐዋጅ አያፈልቅም፣ የሕፃንንም ጥርስ ያለ ጊዜው አያበቅልም። ይህን ምሥጢር ሊቃውንት በብራና ሲያስሱት፣ የቤተ መንግሥቱ አንበሶች ጠባቂ አርከ ሥሉስ ግን ከአንዲት እንስት አንበሳ ተማረው።

በዚያ ዘመን፣ ከአበው የተወረሰ ሥርዐት ነው ተብሎ፣ በግቢው የተወለዱ ደቦሎች በሰባተኛው ቀን በቀይ ግምጃ ተጠቅልለው ከዙፋኑ ፊት ይቀርቡ ነበር። ሞገሴ የተባለችው ውብና አስፈሪ አንበሳ ሁለት ጊዜ ወለደች፤ ሁለቱንም ጊዜ ልጆቿ ለእይታ ተወስደው ሲመለሱላት፣ የሰው እጅ የነካቸውን ጨቅሎች ማጅራታቸውን በአፏ ይዛ ከጥግ ወደ ጥግ ስታመላልስ፣ በረኃብና በድካም አለቁባት። የሥርዐቱ ሹም አጋፋሪ ስነ ክርስቶስ፣ ከሩቅ ቆሞ ስለ አንበሳ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ነበርና፣ «ልጆቿን የምትበላ ርግምት ናት» ብሎ ፈረደ፤ ንጉሡም ሦስተኛው ልደት እንደ ፊተኞቹ ቢመክን፣ እርሷ በጦር እንድትወጋ፣ ጠባቂዋም ተሽሮ እንዲጋዝ አዘዘ።

አርከ ሥሉስ ለራሱ ፈራ፤ ለእርሷ ግን አለቀሰ፤ ከእጁ እየበላች ያደገች ናትና። በወጣትነቱ በቆላ ያየውም ትዝ አለው፤ የዱር አንበሳ ስትወልድ ከመንጋዋ ተለይታ ትሸሸጋለች፤ ሽታቸው ለጅብ እንዳያጋልጣቸውም ልጆቿን በየጥቂቱ ቀን አንድ በአንድ አንሥታ ከጥሻ ወደ ጥሻ ታዛውራለች፤ ወደ ወገኖቿ የምታወጣቸውም ስምንት ሱባዔ፣ ማለት ስምንት ሳምንት ያህል ሲሞላ ነው። ሞገሴ ደቦሎቿን አልበላችም፤ መሸሸጊያ አጣች እንጂ። ስለዚህ ሦስት ጨለማ ጎጆዎች በጠባብ በር አገናኝቶ ሠራላት፤ በዚያም ወለደች።

በሰባተኛው ቀን አጋፋሪው ግምጃውን አስይዞ ሲመጣ፣ አርከ ሥሉስን ከበሩ ላይ ተጋድሞ አገኘው። ነገሩ ተሰማና ንጉሡ ራሱ መጣ።

«ትእዛዜን የምታግድ አንተ ማን ነህ?»

«ጃንሆይ፣ እኔስ ትቢያ ነኝ። ነገር ግን በመላ ግዛትዎ አራስ ቤት ሰተት ብሎ የሚገባ ወንድ አለን? ስምንት ሱባዔ ይስጡኝ፤ ደቦሎቹ ቢሞቱ አንገቴ ይቀላ።»

«አውሬ ደግሞ ምን አራስነት አላት!» አለ አጋፋሪው።

ንጉሡ ፈገግ አለ። «እንደ አራስ ነብር ሲባል አልሰማህምን? እንግዲያ አንተው ግባና አውጣቸው።»

አጋፋሪውም ወዲያው ሌላ አስቸኳይ ጉዳይ ትዝ አለው፤ ቀነ ቀጠሮውም ተሰጠ።

አርከ ሥሉስ ሥጋውን በቀዳዳ እያቀበለ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ውስጥ ሳያይ ሰነበተ፤ የደቦሎቹ ድምፅ ዛሬ ከአንዱ፣ ከነገ ወዲያ ከሌላው ጎጆ ይሰማው ነበር። በስድስተኛው ሱባዔ ግን ድምፁ ሦስት ቀን ጠፋ። እጁ ወደ መቀርቀሪያው እየተዘረጋ፣ ልቡ እየመለሰው፣ እንዲህ ያለ ጭንቅ በዕድሜው አላየም፤ ሆኖም አልከፈተም።

ቀኑ ሲደርስ መኳንንቱ ከአንበሶቹ አጥር ውጭ ተሰብስበው፣ ንጉሡ ቆሞ፣ በሩ ተከፈተ። ማንም አልወጣም። ንጉሡም ሳይቀመጥ ፀሐይ እስክትከር ድረስ ጠበቀ። በመጨረሻ ሞገሴ ብቻዋን ወጣች፤ አፏም ባዶ ነበረ። «አላልኋችሁም?» አለ አጋፋሪው። ያን ጊዜ አንበሲቱ ዘወር ብላ በለሆሳስ ተጣራች፤ ሦስት ድንቡሽቡሽ ደቦሎችም እየተደነቃቀፉ ወጡ፣ ግቢውን ተሻግረው በማዶ ወደ ተጋደመው ወደ አባታቸው፣ ወደ ሽማግሌው ተባዕት አንበሳ ሮጡ፣ ከእነርሱም ደፋሩ ጅራቱን ነከሰው፤ ያ ግርማው የሚያንቀጠቅጥ አባት ችሎ ዝም አለ። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ አርከ ሥሉስም ሹማምንት ፊት መሆኑን ረስቶ እንደ ልጅ ጮኾ አለቀሰ። ንጉሡ ካባውን አውልቆ በጫንቃው ላይ ጣለለት፤ የሰባተኛውን ቀን ሥርዐትም በዚያው ሻረ። ሕዝብ ደጁን የሚጠናው ንጉሥ ሞልቷል፤ ራሱ ደጅ የጠና ንጉሥ ግን ከሁሉም ይልቃል።